ቀጭ የምትለው ዕቃ፦ የአር ሲ ዲ ስፒና ከስምንት ወር በኋላ

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሣር ማጨጃው ነበር። ስለ እሱ ግን ብዙ የምለው የለኝም። 1,600 ዋት ነው፣ ያጭዳል፣ ሰርዶው ሲረዝም ይታነቃል፣ አለቀ። መጻፍ ያማረኝ አብሬው ስለገዛኋት የመዳፍ ያህል ዕቃ ነው።

አር ሲ ዲ ትባላለች፤ ኮረንቲ መንገዱን ሲስት የምትቆርጥ ዕቃ ናት። ኤሌክትሪሻኖች «ኧርዝ ሊኬጅ» ሲሉም እሰማለሁ። በአንድ በኩል ስፒና ናት፣ በሌላ በኩል ሶኬት። ግድግዳው ላይ ትሰኳታላችሁ፣ ኤክስቴንሽኑን ደግሞ እሷ ላይ። ሰኔ ላይ መርካቶ በ3,200 ብር ነው የገዛኋት። ሻጩ ራሱ ሊሸጥልኝ አልፈለገም። «እህቴ፣ ቤትሽ ብሬከር የለም እንዴ? ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ብሬከርማ አለ። ብሬከር ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሰውን አይደለም። የእኛ ቤት የሶኬት ብሬከር 16 አምፔር ነው። ሰው ለመግደል የዚያ ኢምንት ይበቃል። ይቺ ዕቃ የምትቆርጠው በ30 ሚሊ አምፔር ነው፤ ከብሬከሩ ከ500 እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው። በፌዝ (በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው ኮረንቲ በኒውትራል (በመላሹ ሽቦ) መመለሱን ታነጻጽራለች። ከጎደለ ሌላ መንገድ አግኝቷል፤ በእርጥብ መሬት ወይም በሰው ገላ። ያኔ ዓይን ሳይርገበገብ ቀጭ ትላለች።

ለእኔ ትልቁ ነገር ደግሞ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ባይኖርም መሥራቷ ነው። የእናቴ ቤት የድሮ ነው፣ ሶኬቶቹ ሁለት ሽቦ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ሰውየው ራሱ መንገድ ካልሆነ ላትቆርጥ ትችላለች፣ ስለዚህ መነዘሩ አይቀርም። ልዩነቱ ቶሎ መልቀቋ ነው።

አሁን ወደ መስከረም። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። የጽዱን አጥር የሚከረክሙልን ጋሼ በጠዋት መጡ። ጤዛው ገና አልረገፈም። «ትንሽ ፀሐይ ይምታው» ብላቸው «ኧረ ሌላም ቤት አለብኝ» አሉኝ። ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው አጥሩ ሥር አስቀምጠዋል። በባዶ እግር ካልሆነ ሥራ አይመቸኝም ይላሉ። በኤሌክትሪክ መከርከሚያው አንድ ሁለት ሜትር ያህል እንደከረከሙ ማሽኑ ጸጥ አለ። መብራት ሄደ ብለን ነበር። ሳሎን ግን ሬዲዮው ያወራል።

ገብቼ ቁልፏን መለስኩ። ቀጭ፣ ወዲያው ጣለችው። ደገምኩ፣ ቀጭ። የመከርከሚያውን ስፒና ከኤክስቴንሽኑ ነቅዬ ሞከርኩ፣ አሁንም ቀጭ። ያኔ ችግሩ ኤክስቴንሽኑ ላይ እንደሆነ ገባኝ። ከግድግዳው ነቅዬ ገመዱን በእጄ እየዳሰስኩ ሄድኩ። መሃል ላይ ናስትሮ የተጠመጠመበት ቦታ አለ። ዓምና ወንድሜ በመከርከሚያው ሲቆርጠው አንጓ አድርጎ ቀጥሎት ነበር። ናስትሮው ላልቷል፣ ከሥሩ የጥፍር ያህል መዳብ ያበራል። እሱ ነው እርጥቡ ሣር ውስጥ የተኛው። ከጋሼ እግር ሁለት ክንድ አይርቅም።

ብሬከሩ አልነቃም። ለምን ይነቃል? ለእሱ ይሄ ምንም አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕቃዋን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ኤክስቴንሽኑ ጫፍ ላይ፣ ከማሽኑ አጠገብ ሰክቻት ቢሆን ኖሮ ዝም ትል ነበር። ከእሷ ወደ ማሽኑ ያለውን እንጂ ከግድግዳው እስከ እሷ ያለውን አታይም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ፣ ቤት ውስጥ። ውጭ ብትውል ዝናብም አትችልም።

መጀመሪያ ላይ ያጣላችን ነገርም አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የእኔዋ ራሷን አታበራም፣ ሄዳችሁ መጫን አለባችሁ። እኛ ሰፈር በቀን ሦስቴ በሚሄድበት ሳምንት አናቴ ላይ ወጣች። ተበላሽታለች ብዬ ወደ ሱቁ ልመልሳት ሁሉ በፌስታል ይዣት ወጥቼ ነበር። ወረቀቷን ታክሲ ውስጥ ሳነብ ነው ሆን ተብሎ እንደተሠራ የገባኝ፤ መብራት ሲመጣ የተረሳ ማሽን ብቻውን እንዳይነሳ ነው። ከመገናኛ ተመለስኩ። ለፍሪጅ ግን እንዳታስቧት።

ሌላው ጉድለቷ መወፈሯ ነው። ጎን ያለውን ሶኬት ትሸፍናለች፣ ላላ ያለ ሶኬት ላይ ደግሞ አንገቷን ትደፋለች። የእኛን ሶኬት ለማስጠበቅ ኤሌክትሪሻን መጥራት ነበረብኝ። ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ ለጨበጠ ሰውም አታድንም፣ ምክንያቱም ለእሷ የጎደለ ነገር የለም። ጥቅል ኤክስቴንሽን ሳይዘረጋ ሲሞቅም አታውቅም። የእኛው 25 ሜትር ነው። ግማሹን ጠቅልለን ስንሠራ ከውስጥ በኩል ጎማው ተጣብቆ አገኘነው። ጥቅሉ ላይ እኮ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ተጠቅልሎ 1,000 ዋት፣ ተዘርግቶ 3,000። አላነበብነውም እንጂ።

ሜሪላንድ ያለው ሌላው ወንድሜ ነገሩን ስነግረው «እኛ ጋ የውጭ ሶኬት ያለዚህ አይፈቀድም፣ በ5 ሚሊ አምፔር ነው የሚቆርጠው» ብሎ አስቀናኝ። ቀጥሎም ቢጫ የሆነች አንዷን በሻንጣ ላከልኝ። ለ120 ቮልት የተሠራች፣ ስፒናዋ ጠፍጣፋ። እኛ ጋ 220 ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። ሐሳቡ ይበቃል።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ማሽኑን ከመነካካታችሁ በፊት ቲ የሚል ፊደል ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ። ቀጭ ካለች ደህና ናት፣ መልሳችሁ አብሯት። ካላለች ጣሏት። ገመድ ከቆረጣችሁ ደግሞ ገመዱን አታንሱ፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ ከግድግዳ ንቀሉ። የተቆረጠውን ኤክስቴንሽን እኔ ከዚያ ወዲህ አላስቀጥልም። ባለ ናስትሮውን ቆራርጬ ጣልኩት፤ የቀጠለው ወንድሜ ገንዘብ ተቃጠለ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ።

ባለፈው ወር ሁለተኛ ገዛሁ፣ ለውሃ ፓምፑ። ገና ስሰካው ቀጭ አለች። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴ። ስንት ዓመት በእርጥብ እጃችን ስናበራው የኖርነው ፓምፕ ነው። አሁን ጠጋኝ ጋ ነው፤ «ውስጡ ውሃ ገብቶበታል» ብሎ ደውሎልኛል።