ያገለገለች 8 ጊጋ ራም፦ ከሰባት ወር በኋላ

ደሴ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ የገዛኋት ራም (የኮምፒውተር ጊዜያዊ ሜሞሪ) ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ዴስክቶፔ 8 ጊጋ ብቻ ነበረው። ሰርቨር ለመለማመድ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ሦስት ማሽን አስነሳለሁ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ። ሁለቱ ይነሳሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ "በቂ ሜሞሪ የለም" ይለኛል፤ ካልሆነም ማውሱ ሳይቀር ስታክ ያደርጋል።

ግዢው ራሱ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፤ የኔ ቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር 3። ቤት ወስጄ ስሞክር ጥርሱ መሃል ያለው ክፍተት አልገጥም አለ። እንኳንም በጉልበት አልገፋሁት! በዚያ ጭጋግ ተመልሼ ቀየርኩ። ሁለተኛዋ ገባች፤ ግን ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ አለና ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። አውጥቼ ጥርሶቿን በላጲስ ጠረግኩ፣ ቀጭ እስክትል መልሼ ጫንኳት። 16 ጊጋ አነበበ።

ከዚያ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ራም ተረፈኝ ብዬ ለሰርቨሩ 6፣ ለሁለቱ ደግሞ 4፣ 4 ሰጠሁ። ለዋናው ዊንዶውስ 2 ጊጋ ቀረችው። እንግዳ ጠግቦ ባለቤት ጾሙን አደረ። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪው 98 በመቶ፣ ዲስኩ 100 በመቶ። ራም ሲያልቅ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ ይጥላል፤ የኔ ዲስክ ደግሞ ያ የሚሽከረከረው አሮጌው ነው። ቀርፋፋነቱ የመጣው ከዚያ ነበር።

አሁን ለሰርቨሩ 4፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ 3፣ ለኡቡንቱ 1 ጊጋ ነው የምመድበው። ኡቡንቱው መስኮት የሌለው፣ በትእዛዝ ብቻ የሚሠራው ስለሆነ አይርበውም። ሦስቱም አብረው ይሠራሉ። ክሮም ላይ ሠላሳ ታብ ካልከፈትኩ በስተቀር።

ያልጠበቅኩት መብራት ሲጠፋ የሚመጣውን ጣጣ ነው። ማሽን ባለበት ሁኔታ ሴቭ ሲደረግ ራሙ ላይ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ብዙ ራም በሰጠሁ ቁጥር ሴቭ ማድረጉ ይረዝማል፤ ዩፒኤሴ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ) ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚይዘው። አንድ ማታ ሴቭ ማድረጉ ሳያልቅ ዩፒኤሱ ቀድሞ ሞተ፣ የሰርቨሩ ሥራ ተበላሸ። ሁለት ቀን ደገምኩት።

ራሟ ግን አላሳፈረችኝም። ሜምቴስት በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈትሼ አንድም ስህተት አላገኘሁባትም። ቦርዱ ያለው ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ሁለቱም ሞልተዋል። ቀጣዩ ብር ለኤስኤስዲ (ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ነው። እንደውም ቀድሜ እሱን መግዛት ነበረብኝ።