ለማዲያት የቱ ይሻላል፦ የሚያቀላ ክሬም ወይስ ከፀሐይ መከላከል?

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ጣና ዳር ሲሆን ደግሞ ከውሃው የሚንፀባረቀው ይጨመርበታል። ማዲያት ለወጣባት ሴት እዚህ ሁለት መንገድ ይቀርብላታል።

አንደኛው ከመዋቢያ ሱቅ የሚገዛ የሚያቀላ ክሬም ነው። ፊትን ቶሎ ያበራል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። አንዳንዱ ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያስታግስ መድኃኒት) አለ። ለወራት ሲቀባ ቆዳ ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ለማስታገስ ተመልሰው ይቀቡታል። እኔ በዚህ አዙሪት ውስጥ ሳለሁ ምጣድ ፊት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። የለመደ ሰው በድንገት አያቁመው፤ የቆዳ ሐኪም ያማክር።

ሁለተኛው አዝጋሚ ነው፤ ለውጡ ወራት ይፈልጋል። ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ (ነጠላ ስስ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም)፣ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ደጅ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ እየተደገመ። ማዲያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ፣ አይረን ኦክሳይድ የተባለ ማቅለሚያ ያለበት ባለቀለም ሰንስክሪን ከነጩ ይበልጣል። አዜላይክ አሲድ የተባለው የሚቀባ መድኃኒት ደግሞ ለማዲያቱም ለፊት መቅላቱም ይረዳል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ያለበትን ክሬም ተዪው። በእርግዝና የመጣ ማዲያት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይደበዝዛል።