የጀጎል ዙሪያ ወይስ ሐኪም ተራራ?

ሐረር ላይ በቡድን በእግር ለሚጓዝ ሰው በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ መዞር ቀላሉ ምርጫ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አዛውንትም ይዘልቁታል። የደከመው ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ገብቶ ቡና ይጠጣል፤ ማንም አይቀየመውም።

ሐኪም ተራራ ግን ትንፋሽ ይፈትናል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው አቀበት ብርቱዎቹን ከደካሞቹ ይለያል፤ በተለይ ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ መሆኗ የድሬዳዋን ቆላ ለለመደ እግረኛ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያለው አንድ ሰው ከኋላ መከተል አለበት። የድካሙ ካሳ እይታው ነው፤ ጀጎል ከነሚናሬቶቹ ከእግር ሥር ይዘረጋል። እኔ ዕድሜው ለተቀላቀለ ቡድን ግንቡን፣ ጉልበት ላላቸው ሐኪምን እመርጣለሁ፤ እርሱንም ፀሐይ ሳትበረታ።