ባትሪው 81 በመቶ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም፦ የ14 ወር የኤሌክትሪክ መኪና ልምድ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ስሄድ፣ ሻጩ ደጋግሞ የነገረኝ «ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ምኑ ይበላሻል?» እያለ ነበር። በ14 ወር ውስጥ በምቾቱም ሆነ በቻርጅ ወጪው አልተከፋሁም። የምጽፈው ባለፈው ነሐሴ ስላጋጠመኝ አንድ ማለዳ ነው።

ዳሽቦርዱ በርቷል፣ ባትሪው 81 በመቶ ያሳያል፤ ነገር ግን መኪናው ለመንዳት ዝግጁ መሆኑን የሚገልጸው ምልክት አይበራም፣ ማርሽም አይቀበልም። ያስጎተትኩበት ጋራዥ ኮፈኑን በቅጡ ሳያይ የዋናው ባትሪ መቆጣጠሪያ መቃጠሉንና ዕቃው ከቻይና እስኪመጣ ሁለት ወር መጠበቅ እንዳለብኝ አረዳኝ። የጠየቀኝን ዋጋ ብጽፈው የሚያምነኝ የለም።

መልሼ ወደ ቤት ሳስጎትተው፣ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን ጎረቤቴ «ቫልቮላውን አይተኸዋል?» አሉኝ፤ ፊውዝን ዛሬም በድሮ ስሙ ነው የሚጠሩት። ከ300 ቮልት በላይ የሚይዘው ትልቁ ባትሪ በራሱ አይገናኝም፤ የሚያገናኙት ማብሪያዎችና የሚያዟቸው ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ ያለች አንዲት ፊውዝ ከተቃጠለች ትልቁ ባትሪ ሞልቶም እንደተቆለፈ ይቀራል።

የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን የተጻፈው በቻይንኛ ብቻ ስለነበር በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩት። ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልት ገመዶች ሳንነካ፣ መኪናውን አብርተን የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ጫፍ በመኪናው ብረት ላይ፣ ቀዩን ደግሞ በእያንዳንዱ ፊውዝ ራስ ላይ በሚታዩት ሁለት የብረት ነጥቦች ላይ በየተራ አሳረፍን። በሁለቱም ነጥቦች 12 ቮልት ከተነበበ ፊውዙ ደህና ነው፤ ቀይዋ ባለ 10 አምፒር ግን በአንድ በኩል ብቻ አነበበች። አጥፍተን ስንነቅላት ውስጧ ተበጥሶ ጠቁሯል።

ከሱማሌ ተራ ከማኪያቶ ባነሰ ዋጋ የገዛኋት አዲሷ ፊውዝ ገና መኪናውን ሳበራ ተቃጠለች። እኔም በንዴት ባለ 20 እንክተትባት አልኩ። ጋሼ ቆጣ ብለው «በፊውዙ ፈንታ ሽቦው እንዲቃጠል ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ወዲያው የተቃጠለች ፊውዝ የምትናገረው አንድ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር መነካካቱን ስለሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን። ጥፋተኛው ሻጩ «ምርቃት» ብሎ ያስገጠመልኝ የፊት ካሜራ ሆኖ ተገኘ፤ ሽቦውን ከዚሁ ፊውዝ ቀጥለው ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ሥር በስለታም ብረት ላይ ስላሳለፉት ልባሱ ተፍቆ ነበር። ካሜራውን ነቅለን፣ የተፋቀውን ሽቦ ጠቅልለን ሦስተኛዋን ፊውዝ ስንከት መኪናው ተነሣ።

ሻጩ ይህን ቢሰማ «ካሜራው እኮ ምርቃት ነው፣ ዋስትና የለውም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እሺ ይሁን፤ ግን ይህን ሁሉ ብር ለተቀበለበት መኪና የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ በአማርኛ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት መስጠት ያቅተው ነበር?

በዚያ ማለዳ ገዢ ቢመጣ በግማሽ ዋጋ እሸጥለት ነበር። ዛሬ ግን አልሸጠውም፤ እንዲያውም ደግሜ ብገዛ ያንኑ ሞዴል እገዛለሁ፣ ያለ ምርቃት።