ሞተሬን አላወርድም ላለኝ መካኒክ

ደሴ ውስጥ ባጃጅ ለምትነዱ ሁሉ ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ወረፋ ላይ ሆናችሁ አንብቡት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከፒያሳ ወደ አይጠየፍ ሦስት ሰው ጭኜ ስወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ባጃጄ ቆመች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ማርሽ ይገባል፣ ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል፣ ባጃጇ ግን ንቅንቅ የለም። ከኋላ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ተሳፋሪዎቹን አውርጄ፣ ገንዘባቸውን መልሼ፣ ቁልቁል እየተንሸራተትኩ ሜዳ ላይ ደረስኩ። እዚያ ስሞክራት እንደ ምንም ያልሆነች ሄደች! የሚያናድደው ይሄ ነው። ባዶዋን ትሄዳለች፣ ሰው ስትጭን እምቢ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ሳያያት "ፍሪሲዮን ነው" አለኝ፣ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ማለቱ ነው። የቱ ጋራዥ እንደሆነ አልጽፍም፣ ነገር አልፈልግም። የፍሪሲዮን ሸራ ተቀየረ፣ ካቦው ተቀየረ፣ ዘይት ተቀየረ። በማግስቱ እዚያው ዳገት ላይ ያው ሆነች። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ "ካምቢዮው ተበልቷል፣ ሞተር ይውረድ" አለ፣ ካምቢዮ የማርሽ ጥርሶቹ ያሉበት ነው። የነገረኝን ዋጋ ስሰማ እግሬ ከዳኝ። ዕቁቤ የሚደርሰኝ ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ከወረፋ ጓደኞቼ አንዱ "ባለ ጠመኔው ጋ ሂድ" አለኝ። የመካኒኩን ስም አልጽፍም፣ እሱ ራሱ "ስሜን እንዳትለጥፍ" ብሎኛል። በሸዋ በር በኩል ነው፣ የትኛውንም የባጃጅ ሹፌር ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ጋራዡ ጋራዥ አይባልም፣ ቆርቆሮ ጥላ ናት።

"ጋሼ፣ ሞተር የሚያወርድልኝ ፈልጌ ነው" አልኩት።

"እኔ ሞተርህን አላወርድም" አለኝ። "አንተ ልጅ፣ በሽታውን ንገረኝ እንጂ መድኃኒቱን አትንገረኝ።"

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። መቼ ጀመራት? ድምፁ ከየት በኩል ነው? ሽታ አለው? ከዚያ በፊት ማን ነካት? የመጨረሻውን ሲጠይቀኝ ትዝ አለኝ። ችግሩ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የቀኝ የኋላ ፍሬን ሸራ አስቀይሬ ነበር። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ወላሂ የጠየቀኝም የለም።

እሱ እንዳስረዳኝ የሚያሾልክ ፍሪሲዮን ድምፅ አያበዛም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት አይጨምርም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የኔዋ አትሸትም። የኔዋ ቀጭ ትላለች። ቀጭ የሚል ነገር ደግሞ ጥርስ ያለው ነገር ነው አለኝ። ጥርስ ያለው ነገር ካምቢዮ ውስጥም አለ፣ ጎማው ጋም አለ። "ታዲያ ለምን ከሚከብደው እንጀምራለን?"

የፊት ጎማዋ ስር ድንጋይ አደረገ። የኋላዋን በክሪክ አንስቶ በእንጨት ደገፋት። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ። "ቀኙን በቀስታ አዙር" አለኝ። ሳዞር የግራው ጎማ ወደ ኋላ ዞረ። ደነገጥኩ። ለካ ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ማለት ነው፣ ጤነኛ ሲሆን እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ አንዱን ወደ ፊት ስታዞረው ሌላው ወደ ኋላ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ የግራውን ጎማ ግጥም አድርጎ እንዲይዝ አደረገ። አሁን ቀኙ መንቀሳቀስ የለበትም። በሁለት እጄ በኃይል ሳዞረው "ቀጭ" ብሎ ሄደ።

ጠመኔውን ከኪሱ ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ጎማው መሃል ላይ ትልቁ ዳዶ አለ አይደል? የኔ ክዳኑ ድሮ ጠፍቷል። ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከሻፍቱ ጫፍ ጀምሮ በዳዶው ላይ አልፎ እስከ ታምቡሮው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አሰመረ። ታምቡሮ የምለው የፍሬን ሸራውን ከላይ የሚያቅፈውን ክብ ብረት ነው፣ ሻፍቱ ላይ በጥርስ ይሰካል፣ ጎማው እሱ ላይ ይታሰራል። "በል ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። ቀጭ! ጎንበስ ብዬ ሳይ መስመሩ ተቆርጧል። ታምቡሮው ላይ ያለው ክፍል ከጎማው ጋር ሄዷል፣ ሻፍቱ ላይ ያለው ግን ባለበት ቀርቷል።

"ካምቢዮህ እኮ ሥራውን እየሠራ ነው" አለኝ። "ሻፍቱም ይዞራል። ጎማው ነው የማይሰማው።"

ለምን ግራው ብቻውን አይጎትታትም ብዬ ጠየቅኩት። በትዕግስት አስረዳኝ፣ ትዕግስት ብዙም የለውም ግን። ዲፈረንሻል ኃይሉን ወደ ቀለለው በኩል ነው የሚለቀው። በክረምት አንዱ ጎማችሁ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ደረቅ ላይ ያለው ዝም ብሎ ይቆማል አይደል? ይሄም ያው ነው። ቀኙ ካልያዘ ግራው ጤነኛ ቢሆንም ጥቅም የለውም። ሜዳ ላይ ባዶዋን የምትሄደው የቀሩት ጥርሶች ትንሽ ጭነት ስለሚችሉ ነው። ዳገቱ ላይ በሦስት ሰው ያሾልካሉ።

ዳዶውን ሊፈታ ሲል ሁለታችንም ዝም አልን። በእጅ ነው የተፈታው። በመፍቻ አይደለም፣ በጣት! ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ፒን የለም፣ በምትኩ ቀጭን ሽቦ ተጠምዝዟል። ፍሬን ሸራውን የቀየረልኝ ሰው ሥራ ነው። ታምቡሮው ሲወጣ ውስጡ ቡናማ ዱቄት ሞልቷል። ጣቱን አስገብቶ አሻሸና አሳየኝ። ብረት ነው፣ የተፈጨ ብረት። ጥርስ መሆን የነበረበት ቦታ ለስልሷል። የሻፍቱ ጥርስ ግን ጫፉ ትንሽ ተነካ እንጂ ደህና ነው፣ ምክንያቱም የታምቡሮው ብረት ከሻፍቱ ይለሰልሳል። ትንሽ ብቆይ ሻፍቱንም ይዞት ይሄድ ነበር አለኝ።

አሮጌውን ታምቡሮ አስይዞ ወደ መለዋወጫ ቤት ላከኝ። "ጥርሱን ቆጥረህ አመሳስል፣ ባጃጅ ነው ብቻ ብለህ እንዳትገዛ" አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ቲቪኤሱንም ሌላውንም ባጃጅ ነው የምንለው፣ ባለ ሱቁ የሰጠንን ይዘን እንመጣለን። ይዤ ስመለስ አዲሱን ሻፍቱ ላይ ሰክቶ በእጁ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘው። ክፍተት የለም። ከዚያ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ዳዶውን አጠበቀ፣ አዲስ ፒን አስገባ፣ ጫፉን ቆለመመ። ግራውንም ሳልጠይቀው ፈትሾ አጠበቀልኝ።

የእጅ ዋጋ ስድስት መቶ ብር ብቻ ጠየቀኝ። አንድ ሺህ ስሰጠው አራት መቶውን መለሰ። ከፍሪሲዮኔ የወጣውን አሮጌ ሸራ ወንበር ስር አስቀምጬው ነበርና አሳየሁት። በአውራ ጣቱ ውፍረቱን ለካና "ይሄ እኮ ገና ብዙ ይሠራ ነበር" አለ። ስለዚያ ጋራዥ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን በሆዴ ብዙ አልኩ።

የማልደብቃችሁ ነገርም አለ። ሰውዬው ዘገምተኛ ነው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሱ ጋ ነበርኩ፣ የዚያ ቀን ገቢ ዜሮ። ስልክ አያነሳም። አርብ ለጁምዓ ይዘጋና ከሰዓት ቢከፍትም ባይከፍትም እንደ ልቡ ነው። "ይሄን ቀይርልኝ" ብላችሁ ከሄዳችሁ ይቆጣል፣ "ምን ሆነች" ሲላችሁ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ንገሩት። ማን ምን እንደነካባት ሳትደብቁ።

ሃምሳ ኪሎሜትር ከነዳሁ በኋላ ተመለስ ብሎኝ ነበርና በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። መስመሩን በአዲስ ጠመኔ በሁለቱም ጎማ ደግሞ አሰመረልኝና አላስከፈለኝም። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡልህ፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እጅህን ይባርከው።

አሁን ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ጎንበስ ብዬ መስመሯን አያለሁ። ትናንት አንዲት እናት ሊሳፈሩ ሲሉ "ልጄ፣ ይሄ ጎማው ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ልጆች ናቸው የጫሩብህ?" አሉኝ። ዝናቡ ሲያጥበው ከልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ጠመኔ እየሰረቅኩ ነው የማሰምረው።