ሳይክል፣ ባጃጅ ወይስ ሞተር? ለኮምቦልቻና ለደሴ ሰው የያዝኩት ሒሳብ

«ያቺን ሳይክል ስንት ገዛሃት?» ሰሞኑን ይህን ያልጠየቀኝ የለም። መሥሪያ ቤት ይጠይቁኛል። ሰፈር ይጠይቁኛል። ባለፈው ዓርብ አንድ ጓደኛዬ ከጁምዓ ሲመለስ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ግማሽ ሰዓት ስለ ዋጋ ብቻ አወራን። እሱ ሄዶ ሌላው መጣ፤ ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ጽፌ ለሁሉም ይህንኑ ብልክ ይሻላል አልኩ።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነ ያገለገለ፣ ማርሽ የሌለው፣ ከባድ የብረት ሳይክል ግዙ። ደሴ የምትኖሩ ከሆነ ሳይክሉን ተዉትና ጥሩ ጫማ ግዙ። ያንን የሚያብረቀርቀውን ባለ 21 ማርሽ አዲስ ሳይክል ግን እባካችሁ አትግዙ። እኔ ገዝቼ ከስሬበታለሁ።

መጀመሪያ የክስረቱን ልናገር። በ2017 መስከረም ላይ ነው የገዛሁት። 17,500 ብር። ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ ስለነበር «ነገ ደግሞ ይጨምራል» ብዬ ተጣደፍኩ። ሻጩ አልሙኒየም ነው አለኝ። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው። ማርሹ ላይ ሺማኖ የሚል ተለጥፏል። ሺማኖ እንደ ፈረንጆቹ በ1921 የተቋቋመ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ የሳይክል ማርሽ ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራ። እኔም ስሙን አይቼ አመንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማርሹ መዝለል ጀመረ። ዳገት ላይ ስረግጥ ካቴናው ቀጭ ብሎ ይወርዳል፣ እግሬ ባዶውን ይዞራል። ሳይክል ጠጋኙ ጋር ወሰድኩት። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ጋሼ ናቸው፤ ጉልት ያህል ቦታ ላይ ከአንድ ፖምፓና ከአንድ የመፍቻ ሳጥን ጋር ይቀመጣሉ። የማርሽ መቀየሪያውን ነካ አድርገው በጥፍራቸው ልጣፉን ላጡት። ከሥሩ ምንም የለም። ልጣፉን እጄ ላይ አደረጉልኝና «እስቲ አንብበው ልጄ» አሉኝ። ሳነበው ሺማኖ አይልም። የመጨረሻዋ ፊደል ሌላ ናት። ስሙን ቀይረው፣ መልኩን አስመስለው የለጠፉት ነው።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን እንዴት ነው የምለየው?» አልኳቸው።

«ኦሪጅናሉ ጽሑፉም ቁጥሩም ብረቱ ላይ ተቀርጿል። በጥፍር አይላጥም» አሉኝ።

በሰባት ወር ውስጥ ያወጣሁትን እነሆ። የማርሽ መቀየሪያ 1,800 ብር። ካቴና 650። ፔዳል 450፣ ያውም ፕላስቲኩ ተሰብሮ ብሎኑ ብቻ ስለቀረ። ራጂ (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) መቀየርና ቸርኪ (ጎማው የሚለብሰውን ክብ ብረት) ማቃናት 900። የመሐሉ ኩሽኔታ 1,200። በመጨረሻ ፔዳሉ ከሚዞርበት በላይ ቴላዮው፣ ማለትም ሳይክሉን የሚሸከመው ዋናው አጥንት፣ ተሰነጠቀ። ለብየዳ 500 ከፈልኩ። በያጁ እሳቱን ሲያስጠጋው ብረቱ ቀዳዳ አወጣ። ያኔ ነው ጋሼ ከተበላሸ ስፒከር ያወጧትን ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው ቴላዮው ላይ ያስጠጓት። ጥብቅ አለች። አልሙኒየም ማግኔት አይዝም። «ብረትም አይባል፣ ቆርቆሮ ነው። ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልህ» አሉኝ።

ድምሩ 5,500 ብር ነው። ከ17,500 ጋር 23,000። ለመለዋወጫ ብሎ አንድ ልጅ በ5,000 ወሰደልኝ። የተጣራ ኪሳራ 18,000 ብር በሰባት ወር። በዚያ ላይ ሳይክሉ ጥገና በገባ ቁጥር በባጃጅ ነበር የምመላለሰው።

አሁን የባጃጁን ሒሳብ እንይ። ቤቴ በርበሬ ወንዝ ነው፤ ሥራዬ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል። በየአቅጣጫው አምስት ኪሎ ሜትር ያህላል። ባጃጅ ሁለት ጊዜ ነው የምይዘው፤ አንዱ 15 ብር። መሄጃ 30፣ መመለሻ 30፣ በቀን 60። በወር 26 ቀን ስሠራ 1,560 ብር። ሲመሽ የምይዘውን ኮንትራት አልቆጠርኩም። እንግዲህ አስቡት፦ በእነዚያ ሰባት ወራት ባጃጅ ብቻ ይዤ ብሄድ 10,920 ብር ነበር የማወጣው። ያ ሳይክል ከባጃጅ ወደ ሁለት እጥፍ አስወጥቶኛል። «ሳይክል ርካሽ ነው» የሚሏችሁን ዝም ብላችሁ አትመኑ። የትኛው ሳይክል ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛውን በ2017 ግንቦት ገዛሁ። ይቺ ናት ሁሉም የሚጠይቀኝ። ያገለገለች ናት፣ ጥቁር፣ ማርሽ የላትም፣ ሞላ የላትም፣ ሁለት እጅ ትከብዳለች። ዋጋዋ 9,000 ብር። ሻጩ 11,000 ብሎ ነበር የጀመረው፤ ጎማዋ ማለቁን አሳይቼ አስቀነስኩ። ይህን አትርሱ፤ ያለቀ ጎማ ማስቀነሻ ነው እንጂ ለመተው ምክንያት አይደለም። ጎማ ይቀየራል። የማይቀየረው ቴላዮው ነው። ገና ስገዛት ሁለት ጎማ 1,600፣ የፍሬን ላስቲክ 150፣ ኩሽኔታዎቿን አስፈትቶ ማጠብና ግራሶ ማስሞላት 300፣ ቁልፍ 400። ጠቅላላ 11,450 ብር።

ከዚያ ወዲህ አሥር ወር ሆነ። ስድስት ጊዜ ጎማ አስለጠፍኩ፣ በ40 ብር፣ 240። ፔዳል ቀየርኩ፣ 350። ሌላ ምንም። የወጣው ሁሉ ተደምሮ 12,040 ብር ነው። በአሥር ወር ለባጃጅ የምከፍለው 15,600 ነበር። ዋጋዋን በስምንተኛው ወር መልሳለች። አሁን የምትሄደው በነፃ ነው። ልሽጣት ብል ደግሞ ዛሬ ከ9,000 በላይ ትወጣለች።

ለምን አትበላሽም ካላችሁ፣ የሚበላሽ ነገር ስለሌላት ነው። ማርሽ ከሌለ የሚዘል ካቴና የለም። ሞላ ከሌለ ጉልበታችሁ ሞላው ላይ አይባክንም፤ ያ የኋላ ሞላ በረገጥኩት ቁጥር ብድግ ቁጭ እያለ ጉልበቴን ሲበላው ነበር የኖረው። ቴላዮው ወፍራም ብረት ስለሆነ ቢሰነጠቅ የትኛውም የሰፈር በያጅ ይበይደዋል። እውነተኛ አልሙኒየም ቢሆን ደግሞ በተራ ብየዳ አይያዝም፤ አርጎን የሚባለው የብየዳ ጋዝ ያለው በያጅ ፍለጋ መንከራተት ነው። የጎማውንም ቁጥር አደራ እዩ። 26 የትም ታገኛላችሁ። 29 የገዛ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጎማ ፈልጎ ኮምቦልቻንም ደሴንም ዞሮ አጥቷል።

ሴቶች እህቶቼም ይጠይቁኛል። ቀሚስ ወይም አባያ ለምትለብስ ሴት ያቺ መሐሏ ዝቅ ያለችው የሴት ሳይክል ናት የምትመቸው። ስትገዙ ግን የካቴና መሸፈኛዋ መኖሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ነቅለው ነው የሚሸጧት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጨርቋ ካቴና ውስጥ ገብቶ ኮብልስቶኑ ላይ ወድቃለች። መሸፈኛውን በቆርቆሮ ለማሠራት 600 ብር ከፈለች። የሌላት ከሆነች ከዋጋው ላይ ያንን ያህል አስቀንሱ።

ሞተር የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጓደኛዬ በ185,000 ብር ገዝቷል። እኔ የምሄደውን ያህል ቢሄድ በወር 260 ኪሎ ሜትር ነው። ሊትሩ 40 ኪሎ ሜትር ቢወስደው ስድስት ሊትር ተኩል ይፈጃል። ቤንዚን በ2014 ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ገባ። በዚያው ዓመት መቶን አለፈ። ሊትሩን በ120 ብንይዘው በወር 780 ብር ነው። ከባጃጅ በወር 780 ብር ተረፈው ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 185,000 ብሩን ለመመለስ ወደ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ዘይት፣ ኢንሹራንስ፣ ጎማ ገና አልገባም። ማደያው ሰልፍ ሲሆን በሃይላንድ የሚገዛውም አልገባም። መኪናውንማ ተዉት። ያገለገለች ትንሿ ቪትዝ እንኳ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ናት።

ስለ ኤሌክትሪክ ሳይክል ለጠየቃችሁኝ፦ ባትሪው ሲደክም እዚህ የሚያድስልኝ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ አልመክርም።

ከብር ውጪ ያለውንም ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የለወጠኝ እሱ ነውና። ሳይክል ከመጀመሬ በፊት ጤና ጣቢያ ግፊቴን ስለካ 150 በ95 ነበር። ነርሷ «ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከወንበር ተነስቼ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርጄ ወንበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለስፖርት ጊዜ የለኝም እል ነበር። አሁን ሥራ መሄጃ 20 ደቂቃ፣ መመለሻ 20፣ በስድስት ቀን 240 ደቂቃ። ጂም አልከፈልኩም። ጨውም ቀንሻለሁ፣ ሁሉንም ለሳይክሉ አልሰጥም። ባለፈው ወር ግፊቴ 132 በ84 ነበር። ማታ ደግሞ እንደ ድሮዬ መተኛት ጀመርኩ።

የአየሩም ነገር አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የዚያ ጓደኛዬ ሞተር በወር 15 ኪሎ ነው የሚያወጣው። ትንሽ መኪና ሊትሩ 12 ኪሎ ሜትር ቢወስዳት ለዚያው መንገድ 50 ኪሎ። አጭር መንገድ ደግሞ ከረጅሙ ይብሳል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የምንደርሰው፣ ያልሞቀ ሞተር ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያጨሳል።

ይህ በተለይ ደሴን ይመለከታል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ መሐል እንደ ገበቴ ተቀምጣለች፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚደባልቀው ክፍል) ያለው አሮጌ ሞተር ዳገቱ ላይ ቤንዚኑን በደንብ ሳያቃጥል ይተፋዋል። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ጠዋት ከፒያሳ ሽቅብ ስወጣ ከፊቴ ያለው መኪና ጭስ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ታዲያ ለደሴ ሳይክል ለምን አልመክርም? ዳገቱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሳይክል የለመዱት መሬታቸው ሜዳ ስለሆነ ነው። ኮምቦልቻም የቦርከና ሜዳ ላይ ስለሆነች ይመቻታል፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ላይ ግን ማርሽ የሌለው ሳይክል ወደ ላይ እናንተ ትገፉታላችሁ፣ ወደ ታች እሱ ይገፋችኋል። ጥሩ ማርሽ ያለው ኦሪጅናል ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሳይክል መውረድ የሚያምራችሁ ወጣቶች፣ እባካችሁ ተዉት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 650 ሜትር ያህል ቁልቁል። ጠምዛዛው ላይ የፍሬን ላስቲክ ሲግል አይይዝም፤ ከኋላ ደግሞ ተሳቢ መኪና አለ።

ለደሴ ሰው የምለው ጫማ ነው። እዚህም ያው የኮፒ ጣጣ አለ። ያንን ስም የተለጠፈበት ስኒከር በ1,500 ብር ገዝቼ ክረምቱ ገና ሳይጋመስ ሶሉ አፉን ከፈተ። በሙጫ ብቻ የተያያዘ ነው። በዓመት አራት ብትገዙ 6,000 ብር። እዚሁ አገር የተሠራ የቆዳ ጫማ በ3,200 ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት ሶሉን ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፣ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ጫማ ሰፊው በ350 ብር ሶል ለወጠልኝ። ዛሬም እሱን ነው የማደርገው። ከፒያሳ እናቴ ቤት በእግር 25 ደቂቃ ነው፤ ለታክሲ ተሰልፌ ከምደርስበት ብዙም አይበልጥም።

ባጃጅን ጭራሽ አልጠላም። እናቴን ሐኪም ቤት ስወስድ፣ ኩንታል ጤፍ ሳስጭን፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ በባልዲ ሲወርድ ባጃጅ ነው የምይዘው።

ቅዳሜ ጠዋት ያ ከጁምዓ ሲመለስ ያስቆመኝ ጓደኛዬ ሳይክል ሊያይ ይሄዳል፤ አብሬው እሄዳለሁ። አንዲት 8,500 የተባለች አግኝቷል። ማግኔቷን ከጋሼ ተውሻለሁ። ቴላዮውን እናያለን፣ ፔዳሉን ይዘን ግራ ቀኝ እንነቀንቃለን፣ ጎማውን አንስተን እያሽከረከርን ቸርኪው ቀጥ ማለቱን እናያለን። ጎማዋ ካለቀ ከ7,500 በላይ አይከፍልም።