ዙም ወይስ የተቀዳ ሌክቸር? የሕክምና ተማሪው ምርጫ

በኮቪድ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉ ወዲህ የኢትዮጵያ ሕክምና ተማሪዎች ሁለት መንገድ ለመዱ፦ በዙም የቀጥታ ክፍል ወይም በቴሌግራም የሚላክ የተቀዳ ሌክቸር።

ዙም የሚወደደው ጥያቄ ወዲያው ስለሚመለስ ነው፤ ለኬዝ (የአንድ ታካሚ ሁኔታ) ውይይት ተወዳዳሪ የለውም። የሚያማርረው ዳታው ነው። ምስል ከተከፈተ በሰዓት ከ500 ሜጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ነፃው አካውንት 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። መብራት ከሄደማ አለቀ።

ለፊዚዮሎጂና ለፋርማኮሎጂ (ለሰውነት አሠራርና ለመድኃኒት ትምህርት) የተቀዳው ይሻላል፤ አቁሞ መድገም ይቻላል። ድምፁን ብቻ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት መቅዳትና ስላይዱን በፒዲኤፍ ለብቻው መላክ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ድምፅ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጣጣው መከመሩ ነው፤ «ነገ እሰማዋለሁ» የተባለው ሁሉ የፈተና ዋዜማ ላይ ይገናኛል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በባለ ሳጥን ወረቀት ላይ የሚሳልበት ምርመራ) ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ፣ በተለመደው ፍጥነት 0.04 ሰከንድ የምትወክለው ትንሿ ሳጥን ትደበዝዛለች።

ጉበት መዳሰስ ግን በሁለቱም አይገኝም። ክሊኒካል ዓመታት (ሆስፒታል ውስጥ በታካሚ የሚማርባቸው) ላይ የደረሰ ተማሪ ኦንላይን ትምህርትን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም።